ፒያሳን ለመጎብኘት ጣሊያንኛ አያስፈልግም

«ጣሊያን አገር ደርሼ መጣሁ» ይላል አንዱ። «መቼ ሄደህ መቼ ተመለስክ?» ሲባል፣ «ከአራት ኪሎ በታክሲ ነው የሄድኩት፤ ረዳቱ መልሴን እንኳ ሳይሰጠኝ ፒያሳ ደረስን» ብሎ ይመልሳል። አራዳ ላይ እንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ አያልቅም። ከሮም የመጣ ዘመድ ስለ አደባባዮቹ ውበት ሲያወራም፣ «እኛም አለን፤ ያውም ያለ ቪዛ» የሚል አይጠፋም።

ቀልዱ ውስጥ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ጣሊያንን ያሸነፈ ሕዝብ የዋና ከተማውን እምብርት ለምን በጣሊያንኛ ይጠራል? የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የቆመበት፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት፣ አሁን ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራበት ሰፈር ስሙ ፒያሳ ነው። እንግዳው ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ «የጣሊያኑ ሰፈር የቱ ጋ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መልሱ ግን አንድ ሕንጻ ላይ አይገኝም። ታሪኩን ከሥሩ መያዝ ይጠይቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ሁለት ፒያሳዎች

በመጀመሪያ ወደ ሮም እንሂድ። በባቡር ሮም የሚገባ ሰው የሚወርደው ተርሚኒ በሚባለው ትልቁ ጣቢያ ነው። ከጣቢያው ሲወጣ ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ሰፊ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶ የተባሉት በጥር 1879 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በዚሁ ጣቢያ ዙሪያ ለአሥርት ዓመታት ሲቀጣጠሩ የኖሩት ሐበሾች፣ አውቀውም ሆነ ሳያውቁ፣ የሚገናኙት በአሉላ ድል ትዝታ ላይ ነው።

ከዚያ ወደ ደቡብ ሲኬድ ፖርታ ካፔና የሚባል ሌላ ፒያሳ አለ። የሙሶሊኒ መንግሥት ከአክሱም ነቅሎ የወሰደው ሐውልት ከ1930 ጀምሮ ከስልሳ ዓመት በላይ የቆመው እዚያ ነበር። ሐውልቱ በ1997 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 አክሱም ላይ እንደገና ቆሟል። ከዚሁ አካባቢ ብዙም ሳይርቅ አምባ አራዳም የሚባል መንገድ ይገኛል፤ በ1928 በደቡብ ትግራይ ታላቅ ጦርነት በተካሄደበት ተራራ የተሰየመ ነው። ከዚያ ተራራ ስም የወጣው «አምባራዳን» የሚለው ቃል ዛሬ በጣሊያንኛ ትርምስ፣ ውጥንቅጥ ማለት ሆኗል። ክፍሉ እንደ ታክሲ ጋራ የተዘበራረቀበትን ልጅ የሮም እናት «ይኼ ምን ዓይነት አምባራዳን ነው?» ብትለው፣ የአንድ የኢትዮጵያ ተራራ ስም እየጠራች መሆኗን ላታውቅ ትችላለች።

እንግዲህ ሮም ሽንፈቷንም ድሏንም በአደባባይና በመንገድ ስም ጽፋለች። አዲስ አበባ ያደረገችው ሌላ ነው። ወራሪው ሲወጣ ስሙን አብራ አላባረረችም። በየቀኑ እየጠራች፣ ታክሲ እየተሳፈረችበት፣ እየተቀጣጠረችበት ትርጉሙን አስጣለችው። ዛሬ «ፒያሳ» ሲባል በአዲስ አበቤ ጆሮ የሚመጣው ሙሶሊኒ አይደለም። ወርቅ ቤቱ፣ ኬኩ፣ ሲኒማው፣ ዳገቱ ነው።

▪️ ፒያሳ ሳትባል አራዳ ነበረች

አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱ በአንድ ኮረብታ፣ ገበያው በሌላ ኮረብታ ሆነ። ገበያው ያረፈው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ነው፤ ስሙም አራዳ። ከየክፍለ ሀገሩ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ቅቤ፣ እህል፣ ፈረስና በቅሎ የሚመጣው እዚያ ነበር። አዋጅ የሚነገረው፣ ወሬ የሚሰማው፣ የጠፋ ዘመድ የሚፈለገውም እዚያው።

ገበያ ሰው ይጠራል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ አረቡ እየመጣ ሱቅ ከፈተ። ከሕንዶቹ የሙሐመድ አሊ ድርጅት ስሙ በከተማው ሁሉ የታወቀ ነበር። የአቢሲኒያ ባንክ በየካቲት 1898 ሥራ ጀመረ። እቴጌ ጣይቱ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን ሆቴል ያሠሩት በዚሁ አካባቢ ነው፤ ሆቴሉ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከገበያው ዝቅ ብሎ ደግሞ ለቤተ መንግሥት የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ተመሠረተ።

ይህ ሁሉ የሆነው «ፒያሳ» የሚል ቃል በአዲስ አበባ ከመሰማቱ በፊት ነው። ስለዚህ ጣሊያን መጥቶ ከተማ አልሠራልንም። የተሠራ ከተማ፣ ያውም ብዙ ቋንቋ የሚነገርበት ሕያው ገበያ አግኝቶ ስም ለጠፈበት።

«አራዳ» የሚለው ቃል የሰው ጠባይ መጠሪያ የሆነውም ከዚህ ገበያ የተነሣ ነው። ሸቀጥ፣ ወሬና እንግዳ በሚገናኙበት ቦታ ያደገ ልጅ በቀላሉ አይታለልም። ገና ሳትነግረው የገባው «ነቄ» ነው፤ ያልገባው ደግሞ «ፋራ»። አራዳነት ግን ብልጣ ብልጥነት ብቻ አይደለም። የእውነተኛው አራዳ መለያ፣ የሰፈር ሰዎች እንደሚሉት፣ እንግዳን አለማሳፈር ነው። መንገድ የጠፋበትን ሰው ይመራል፣ የሌለውን ሰው ሒሳብ ሳያሳውቅ ይከፍላል፣ በተረብ ይነካል እንጂ አያቆስልም።

▪️ ምርኮኛው፣ ወራሪውና የቀረው

በአራዳ ታሪክ ውስጥ ጣሊያን አንድ ዓይነት አይደለም። ሦስት ጊዜ፣ በሦስት መልክ መጥቷል።

የመጀመሪያው ምርኮኛ ሆኖ የመጣው ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ከተማረኩት ጣሊያኖች ብዙዎቹ አዲስ አበባ መጥተው በግንባታና በመንገድ ሥራ ተሰማርተዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሴባስቲያኖ ካስታኛ ምርኮው ካለቀ በኋላም እዚሁ ቀረ። ዛሬ የምናየው ስምንት ማዕዘን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሕንጻ የተሠራው በእሱ ንድፍ ነው። ነገሩን ቆም ብሎ ላሰበው ይገርማል። የጊዮርጊስ ታቦት ዓድዋ ዘምቷል፤ ድሉም የተገኘው በጊዮርጊስ ዕለት ነው። በዚያ ድል የተማረከ ሰው መጥቶ የድሉን ቤተ ክርስቲያን ሠራ። ንግሥት ዘውዲቱ በየካቲት 1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ የጫኑትም በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሁለተኛው ወራሪው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ በኋላ በነበሩት የትርምስ ቀናት የአራዳ ሱቆች ተዘርፈው ተቃጠሉ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 የፋሺስቱ ጦር ከተማዋን ያዘ። ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ። በንግሥናው ዋዜማ ተመርቆ የነበረው የምኒልክ ሐውልት ከቦታው ተነቅሎ ተቀበረ። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ሦስት ቀን በዘለቀው ጭፍጨፋ ሰው በቤቱ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም እሳት ተለኮሰበት። ምርኮኛው የሠራውን ወራሪው አቃጠለው።

«ፒያሳ» የሚለው ስም የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ኢኛዚዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ የጣሊያን ባለሙያዎች ለአዲስ አበባ ባወጡት ፕላን ነጭና ጥቁር ተለያይተው እንዲኖሩ ታሰበ። አራዳ የነጮች መገበያያ እንዲሆን ተወሰነ። የአገሬው ገበያ ግን ወደ ምዕራብ ተገፍቶ «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» ተባለ፤ ከዚያ የጣሊያንኛ ስም ለእኛ የቀረችው «መርካቶ» ናት። ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው የሠሩት የመኖሪያ ቤት «ካዛ ኢንቺስ» ካዛንቺስ ሆነ፤ ለተራው ሠራተኛ የታሰበው ደግሞ ፖፖላሬ። በ1929 የወጣ ሕግ ጣሊያናዊ ወንድ ከአገሬው ሴት ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖር እስከ መከልከል ደርሷል። ስለዚህ አንድ ሰው «ፒያሳ የጣሊያን ትዝታ ናት» ብሎ በናፍቆት ሲያወራ፣ ፒያሳ መጀመሪያ ስትታሰብ የእሱ አያት እንደ ልቡ የማይራመድባት ቦታ እንድትሆን ነበር።

ሦስተኛው ጣሊያን የቀረው ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲመለሱ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። እንግሊዞች አብዛኛውን ጣሊያናዊ ነዋሪ ከአገር ቢያወጡም፣ እጀ ባለሙያ የሆኑ ጥቂት ሺዎች ቀሩ። መንግሥቱም ሙያቸውን ይፈልገው ነበር። ትናንት ጌታ ልሁን ብሎ የመጣው፣ አሁን ጋራዥ ከፍቶ፣ ዳቦ ጋግሮ፣ ቡና ቆልቶ፣ ቧንቧ ጠግኖ በአበሻ ደንበኛ የሚተዳደር ጎረቤት ሆነ። ካስቴሊ ምግብ ቤት፣ ኤንሪኮ ኬክ ቤት፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመረው ቶሞካ ቡና የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። በቸርችል ጎዳና አናት ላይ የተቀመጠውን የማዘጋጃ ቤት ሕንጻ በ1950ዎቹ የነደፈውም አርቱሮ መዜዲሚ የተባለ ጣሊያናዊ ነው። የአፍሪካ አዳራሽም የእሱ ሥራ ነው። መዜዲሚ ተጋብዞ፣ ተከፍሎት ሠራ። በወረራና በእንግድነት መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

▪️ የተማረከ ቃል

ከሦስቱም ጣሊያኖች አንድ ነገር ቀርቷል፤ ቃል። ጋራዥ የገባ ሰው ያውቀዋል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቪቴ... ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በየዓመቱ የሚያሰልፈው «ቦሎ»፣ ካፌ የሚደገፉበት «ባንኮኒ»፣ ዳቦ የሚጋገርበት «ፎርኖ» ሁሉ እንዲሁ። ስልክ ስንዘጋ «ቻው» እንላለን። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ፋሺስትን እየረገሙ ተነሥተው «በሉ ቻው» ብለው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ማንም ልብ አይለውም።

ማኪያቶንም እንውሰድ። ሮም ላይ ማኪያቶ ብሎ ያዘዘ አዲስ አበቤ በትንሽ ሲኒ፣ ወተት ጠብ ያለባት ጥቁር ቡና ሲመጣለት «ይቺ ናሙናዋ ናት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የእኛው ማኪያቶ በወተት የተሞላ፣ «ጠቆር ይበል» ወይም «ነጣ ይበል» ተብሎ በልክ የሚታዘዝ ነው። ስሙ የእነሱ፣ ቡናው የእኛ፣ አሠራሩ የአራዳ።

ኳስም አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ አራዳ ላይ የተመሠረተው በ1928፣ ጦርነቱ በተጀመረበት ዓመት ነው። ከነጻነት በኋላ በ1936 በተካሄደው የመጀመሪያው የአገሪቱ ሻምፒዮና ከጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ውጤቱን ትተን ስሞቹን ብቻ እንይ። ከሦስት ዓመት በፊት ጠላት የነበረ ወገን አሁን አሥራ አንድ ሰው አሰልፎ በአራዳ ልጅ እየተተረበ ኳስ ይጫወታል። በቀልን በጨዋታ መተካት የሚያውቅ ሰፈር ነበር ማለት ነው።

▪️ ለሚሄድ ሰው ጥቂት ምክር

ፒያሳን ማየት የሚፈልግ በእግሩ ይሂድ። መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው የሚያየው የፊት መኪና ቦሎ ነው። የሚመቸው ጊዜ እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ድምቀት የሚፈልግ ደግሞ ወር በገባ በ23 ይምጣ፤ የጊዮርጊስ ዕለት ነጠላ የለበሰው ምእመን አደባባዩን ነጭ ያደርገዋል። በክረምት ከሆነ ጫማው መሬት የሚይዝ ይሁን። የፒያሳ ቁልቁለት አራዳና ፋራ አይለይም፤ ሁሉንም እኩል ያንሸራትታል።

ጉዞው ከምኒልክ አደባባይ ይጀመር። በአንድ በኩል የፈረሰኛው ንጉሥ ሐውልት፣ በሌላ በኩል ቤተ ክርስቲያኑ አለ። በግቢው ያለው ሙዚየም የነገሥታቱን ዘመን ዕቃዎች ይዟል፤ የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎችም ሳያዩ መውጣት አይገባም። ከዚያ የካቲት 3 ቀን 2016 ወደ ተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ መግባት ነው። ቀጥሎ ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ይገኛል።

ወደ ደጎል አደባባይ ሲወረድ፣ ስሙ ከየት መጣ ለሚል ልጅ፣ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሻርል ደጎል በነሐሴ 1958 አዲስ አበባን መጎብኘታቸውን መንገር ነው። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ ጣሊያን ሁሉ በዚህ ሰፈር ስም አላቸው። ቶሞካ ያለበት መንገድ እንኳ በእንግሊዙ ጄኔራል ዌቭል የተሰየመ ነው። ቶሞካ ወንበር ፍለጋ ዓይን ማንከራተት የፋራ ነው፤ ቡናው ቆሞ ነው የሚጠጣው። ሮምም ቡና ቤት ውስጥ ባንኮኒ ላይ ቆሞ የሚጠጣ ሰው ከተቀመጠው ያነሰ ይከፍላል፤ አራዳ ለአራዳ አይጠፋፋም።

ጣይቱ ሆቴል መግባት ግድ ነው። በጥር 2007 የደረሰበት እሳት ብዙ ቢጎዳውም አሁንም እንግዳ ይቀበላል። ጃዛምባ የሚባለው የጃዝ መድረክ ግን በዚያ እሳት ነው የጠፋው። ጊዜ ያለው እስከ ራስ መኮንን ድልድይና ሀገር ፍቅር ቴአትር ድረስ ይዝለቅ። ሀገር ፍቅር የተመሠረተው በ1927፣ ወረራው ሲያንዣብብ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነው። ፒያሳ ሳትኖር ፒያሳን ሊታገል የተነሣ ቤት ነው ቢባል አልተጋነነም።

አንድ ዋና ምክር። ካርታ ከሰው አይበልጥም፤ በተለይ በዚህ ሰፈር ካርታው ከከተማው ወደ ኋላ ቀርቷል። ስለዚህ ጠይቁ። በዕድሜ ገፋ ያሉትን «አባባ» ወይም «እማማ» ማለት ሁልጊዜ ያስከብራል። ጎረምሳው «ፋዘር»፣ «ማዘር» ሲል ብትሰሙ ስድብ አይደለም፤ የሰፈሩ ፍቅር ነው። «እዚህ ጋ ድሮ ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብቻ በቂ ነው። ቀሪውን ሰዓት እሳቸው ይጨርሱታል።

▪️ ሐውልት ይመለሳል፤ ጎረቤትስ?

ችግሩ እነዚያን አባባ ዛሬ ፒያሳ ላይ ማግኘት እየከበደ መምጣቱ ነው።

ከየካቲት 2016 መጨረሻ ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ሰፊ ክፍል ፈርሷል። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ ተብለው የሚጠሩ ሰፈሮች በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆኑ። ነዋሪው በአብዛኛው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ወዳሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሄደ። በዚያው ዓመት ማግስት የካዛንቺስ ተራ ደረሰ።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ይገባል። የፈረሰው ሁሉ ውብ አልነበረም። እሪ በከንቱ የሚለው ስም ራሱ የተዘረፈ ሰው ቢጮህ የማይደርስለት ጨለማ ቁልቁለት ከመሆኑ የመጣ ነው። ጣሪያው የሚያፈስ የቀበሌ ቤት ውስጥ ስምንት ሆኖ መኖር፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ለአሥር አባወራ መጋራት ቅርስ አይባልም። የራሱ ቧንቧና የራሱ በር ያለው ቤት ያገኘ ሰው ደስ ቢለው እውነቱን ነው። ሰፊው የእግረኛ መንገድና የማታ መብራቱም የሚጠላ አይደለም። ፒያሳን ከሩቅ ሆኖ የሚናፍቅ ሰው፣ በዚያ ጭቃ ውስጥ ያልኖረ ከሆነ፣ ናፍቆቱን ትንሽ ቢቆጥብ ጥሩ ነው።

ሆኖም የዚህ ሰፈር ታሪክ ራሱ አንድ ትምህርት ይሰጣል። የምኒልክ ሐውልት ተነቅሎ ተቀበረ፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። የአክሱም ሐውልት ባሕር ተሻግሮ ሄደ፤ ተመለሰ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ለባቡር ሥራ ተነሣ፤ በ2008 ወደ ቦታው መጣ። ድንጋይና ነሐስ ሄዶ ይመጣል። ሰፈር ግን ተነቅሎ የሚተከል ሐውልት አይደለም። ዕድሩ ሲበተን፣ ዕቁቡ ሲቆም፣ የቡና አጣጪው አንዱ በምሥራቅ አንዱ በደቡብ የከተማ ጫፍ ሲቀር፣ ያንን መልሶ የሚገጣጥም ክሬን የለም። ሌሊት ቢታመም በር የሚያንኳኳለት፣ ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት ሰው ካርታ ላይ ምልክት የለውም።

አስመራ ለማነጻጸሪያ ትጠቅማለች። የጣሊያን ቅኝ ገዥ የሠራቸው ሕንጻዎቿ በ2009 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል። ኤርትራውያን ሕንጻዎቹን የያዙት ጣሊያንን ስለወደዱ አይደለም። ያባቶቻቸው ጉልበት ስለፈሰሰባቸው፣ እነሱም ስለኖሩባቸው ነው። የፒያሳ ነገር ከዚህ የበለጠ ቀላል ነበር፤ ምክንያቱም ከጣሊያን በፊትም በኋላም የኛው ነበረች። የግሪኩን ሱቅ፣ የአርመኑን ሰገነት፣ የሕንዱን መጋዘን፣ የምኒልክን ዘመን የእንጨት በረንዳ ለማቆየት የማንንም ወረራ ማወደስ አያስፈልግም ነበር።

ያለፈው አልፏል። ገና ያልረፈደ ነገር ግን አለ። አዲስ የሚወጡ መንገዶችና መናፈሻዎች የድሮዎቹን ስሞች ይያዙ፤ ዶሮ ማነቂያም፣ እሪ በከንቱም፣ ሠራተኛ ሰፈርም ታፔላ ላይ ይጻፉ። በአዲሶቹ ሕንጻዎች ምድር ቤት፣ ቀድሞ እዚያው ሲነግዱ ለኖሩት ልብስ ሰፊ፣ ወርቅ ሠሪና ጀበና ቡና ሻጭ በሚችሉት ኪራይ ቦታ ይሰጣቸው። ሳይፈርስ የቀረው አሮጌ ሕንጻ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው የሚነግር ሰሌዳ ይለጠፍበት። ዳር የሄዱት አዛውንት ደግሞ ታሪካቸው ሳይቀዳ አይለፉ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ፋሺስቱ ፕላን የሳለው ያለ አገሬው ሰው የምትደምቅ፣ ንጹሕና ሰፊ ፒያሳ ለማየት ነበር። አልተሳካለትም፤ የአራዳ ሰው ተመልሶ ስሙን፣ ቡናውንና አደባባዩን ወረሰበት። ሰማንያ ዓመት ሙሉ «ፒያሳ» የአማርኛ ቃል ሆኖ የኖረው በዚያ ሰው አፍ ነው። እሱ ከሌለ መንገዱ ያምራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ጎብኚውም ፎቶ ያነሣል። ስሙ ግን ተመልሶ ጣሊያንኛ ይሆናል።